ለጀጎል ቅርስ ጠባቂዎችና ለከተማይቱ ልጆች

ለጥንታዊት ሐረር የቅርስ ጥበቃ ሹማምንት፣ ለየመስጊዱ አስተዳዳሪዎች፣ አፎቻ ለሚባለው የመረዳጃ ማኅበር አባቶችና እናቶች፣ በግንብ በታጠረችው ጀጎል ውስጥም ሆነ ከጀጎል ውጭ ለሚኖሩ የከተማይቱ ልጆች ሁሉ፤



ከተማችሁ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፈች ወዲህ ስለ ግንቧ፣ ስለ በሮቿና ስለ መስጊዶቿ ያልተነገረ ነገር ጥቂት ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳም ገና ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ላይ ከመኪናው ሳይወርድ፣ 82 መስጊድ፣ 102 የአውልያ (የቅዱሳን) መካን፣ 5 ጥንታዊ በር እያለ በልጅነቱ እንዳጠናው ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ይህን ሁሉ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ግን ቀና ብሎ ዙሪያውን ይመለከትና፣ ከካይሮና ከኢስታንቡል ሥዕል የለመደውን ታላቅ ጉልላትና ከደመና በላይ የሚያይ ሚናራ ባጣ ጊዜ፣ «ታዲያ ያ የተባለው የእስልምና ሥነ ሕንጻ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም፣ ቅርሱን እንጠብቃለን የምንል ሰዎች ጥያቄውን በሚገባ ሳንመልስ ወደ ጥገናው መግባታችንና፣ አንዳንድ ጊዜም ትርጓሜውን ያልመረመርነውን ሕንጻ እናድሳለን ስንል ትርጓሜውን ማጥፋታችን ነው።

እኔ በሃይማኖቴ ክርስቲያን ነኝ። በሌላ ሰው ጸሎት ቤት ነገር ገብቼ ልናገር መድፈሬ ቅር የሚያሰኘው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያደገ ሰው፣ ሕንጻ ያለ ቃል እንደሚያስተምር፣ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስትም ወደ መቅደስ የሚያልፍ እግር እያንዳንዱን እርምጃ በመዓርግና በሥርዓት እንደሚራመድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃልና፣ የጎረቤቱን ሕንጻ ለማንበብ ቢሞክር ፈጽሞ ፊደል ያልቆጠረ ነው አይባልም። የሐረርም ሕንጻ እንዲህ ያለ የመዓርግና የሥርዓት መጽሐፍ መሆኑን ላሳያችሁ፣ ወይም ለእናንተ የታወቀ ስለሆነ፣ እኔም እንዳየሁት ልመስክርላችሁ እወዳለሁ።

ከግንቡ ልጀምርና በአጭሩ ልለፈው፤ ስለ እርሱ ብዙ ስለ ተባለ። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ የኦቶማኑ ሊቀ ጠበብት ሲናን በኢስታንቡል ኮረብታ ላይ የሱለይማንያን መስጊድ በሚያንጽበት በዚያው ዘመን፣ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በሐረር ግንብ ያስገነባ ነበር። የኦቶማኑ ሱልጣን በሦስት ክፍለ ዓለም ላይ የሚገዛ ንጉሥ ስለ ነበር ክብሩ ከባሕር ላይ ሆኖ የሚታይ ሕንጻ ተሠራለት፤ የሐረሩ አሚር ግን የእናቱ ወንድም ኢማም አሕመድ ወድቆ፣ ሠራዊቱ በረጅም ጦርነት አልቆ፣ ረኃብና ወረራ በደጃፉ ቆሞበት ስለ ነበር ለሕዝቡ መትረፊያ የሚሆን ቅጥር ሠራ። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞረው ይህ ግንብ የከበበው መሬት 48 ሄክታር ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ሸዋ በር እየተባሉ የሚጠሩት አምስቱ በሮች ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ነጋዴ ተቀብለው ወደ መካከለኛው ገበያ፣ ወደ ጊድር መጋላ ይሰዱታል፤ ስድስተኛው የሐረር በር የኋለኛው ዘመን ጭማሪ ነው። ከግርጌው በተተዉት ቀዳዳዎች የዝናቡ ጎርፍ ይወጣል፣ ሌሊት ደግሞ ጅቡ ገብቶ የከተማይቱን ጥራጊ አጽድቶ ይመለሳል። በጠላት ላይ የተዘጋ ግንብ ለጅብ መግቢያ መተዉ እንግዳውን ሁሉ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ እኔንም አስደንቆኛል።

በ1847 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር ገብቶ ለአሥር ቀን በአሚሩ ዘንድ በሰነበተ ጊዜ፣ ከተማይቱ መስጊድ የበዛባት መሆኗን፣ መስጊዶቹም ሚናራ የሌላቸው ተራ ቤቶች መሆናቸውን ጽፏል። አነጋገሩ የንቀት ቃና አለው። ዳሩ ግን ይህ ተጓዥ እንደ ጉድለት የቆጠረው ነገር የከተማይቱ ዋና ምሥጢር ሆኖ ሳለ፣ እነሆ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ብዙዎቻችን በእርሱ ዓይን እናያለን።

እስቲ በትንሽ ሒሳብ እንመርምረው። 48 ሄክታር የሆነው የጀጎል መሬት ለ82 መስጊድ እኩል ቢከፈል፣ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ጎኑ ከ80 ሜትር ያነሰ አራት ማዕዘን ነው። ሚናራ የተፈጠረው የሙአዚኑ ድምፅ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ተነሥቶ ሰፊውን ከተማ እንዲሸፍን ነው፤ ከደጃፍህ እስከ መስጊድህ አርባ ወይም ኀምሳ እርምጃ ብቻ በሆነበት ከተማ ግን የሰው ጉሮሮ ብቻውን ይበቃል፤ ከጣሪያ ጠርዝ ወይም ከዐጸዱ መካከል ቆሞ የሚጣራው ሰው ጎረቤቶቹን በስም የሚጠራቸው ያህል ነው። ስለዚህ የሐረር መስጊድ ትንሽነት የድኽነት ምልክት ብቻ ተደርጎ ሊነገር አይገባውም። ዓርብ ዓርብ ሕዝቡን በአንድነት የሚሰበስበው ታላቁ ጃሚዕ መስጊድ ከነሚናራው አለ፤ ለቀሩት ሰላቶች ግን ጸሎት ከሰው ቤት ሳይርቅ፣ ሽማግሌው በምርኩዙ፣ ሕፃኑም በባዶ እግሩ የሚደርስበት እንዲሆን ከተማይቱ ወስናለች። ከፍታን ትታ ቅርበትን መርጣለች ማለት ነው፤ ይህ ምርጫ በድንጋይና በጭቃ የተጻፈ ትምህርተ ሃይማኖት ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አንዱን ትንሽ መስጊድ ቀረብ ብላችሁ እንድታዩት እለምናለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ የሚመስሉት ብዙዎች ናቸውና። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲያልፍበት ትከሻ ለትከሻ በሚተሻሸው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከግራና ከቀኝ ካለው የመኖሪያ ቤት አጥር በምንም ያልተለየ ነጭ ግድግዳ አለ፤ በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረዥም ሰው አንገቱን ሰበር ሳያደርግ አይገባበትም። ከውስጥ ትንሽ ዐጸድ፣ በዐጸዱም ከሰላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ለውዱእ የሚሆን ውኃ አለ፤ ከዚያ ወዲያ በእንጨት ወራጅ የተጋደመ ዝቅተኛ ጣሪያ፣ በኖራ ላይ ኖራ እየተደረበ ማዕዘኑ ሁሉ የለሰለሰ ግድግዳ፣ በመሬቱም ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ይታያል። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ እንደሚያቀኑ፣ የእነዚህ መስጊዶች ሚሕራብ (የጸሎቱን አቅጣጫ የሚያሳየው ጎድጓዳ) ወደ መካ፣ ይኸውም ከሐረር ሲታይ ወደ ሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ከተማይቱ በኮረብታ ወገብ ላይ ስላለች መንገዱ እንደ ቁልቁለቱ ይጠማዘዛል፣ መስጊዱ ግን አቅጣጫውን አይለቅም፤ ስለዚህ መንገዱና ሕንጻው የማይስማሙበት ማዕዘን እዚህም እዚያም ይፈጠራል። የከተማ ፕላን የሚያወጡ ወጣት መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ማዕዘን ሲያዩ ስሕተት መስሏቸው ለማቃናት ይቸኩላሉ። እባካችሁ አታቃኑት። መንገዱ የተሰበረው ለጸሎቱ ቦታ ለመልቀቅ ነው።

ከመስጊዶቹ ቀጥሎ ያሉት የአውልያ መካኖች ናቸው። በእነዚህ ላይ ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ጉዳይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገሩ የእነርሱ ስለሆነ አልገባበትም። እኔ የማየው ሕንጻቸውን ነው፣ ሕንጻቸውም ከሁሉ ይልቅ ትሑት ነው፤ የአሚር ኑር መቃብር አረንጓዴ የተቀባ ጉልላት አለው፣ የአው አባድር መካን የራሱ ሰፊ ግቢ አለው፣ ብዙዎቹ ግን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ያለች ትንሽ ቤት ወይም ሥሩ መቃብሩን አቅፎ የያዘው ዛፍ ራሱ ናቸው። ዛፉ ሲቆረጥ ሕንጻው ፈረሰ ማለት ነው፤ በመዝገባችሁ ላይ ግን ዛፉ በእንጨትነቱ እንጂ በሕንጻነቱ የተጻፈ አይመስለኝም። አባቶቹ አው፣ እናቶቹ አይ እየተባሉ የሚጠሩ እነዚህ ቅዱሳን በሴትም በወንድም ስም ከተማይቱን እንዲጠብቁ የተሾሙ ናቸው ይባላል፤ ሐሙስ ማታ በአው አባድር መካን ከበሮው እየተመታ ዚክሪው (የምስጋና ዜማው) ሲደምቅ ላየ ሰው፣ ያች ቤት ጠባብ የሆነችው ሰው በሰው ላይ ተደጋግፎ እንዲያዜም ይመስለዋል። በ2016 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባው የሹዋሊድ በዓል ወጣቶቹን ሁሉ የሚሰበስበው በእነዚሁ መካናት ዙሪያ መሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ጌይ ጋር፣ ወደ ሐረሪው መኖሪያ ቤት ልግባ፤ የደብዳቤዬ ልብ ያለው በዚህ ነው። መስጊዱን ብቻ የእስልምና ሕንጻ ብሎ፣ ቤቱን ግን የባህል ቤት ብሎ የሚለይ ሰው ሐረርን ከሁለት ይሰነጥቃታል፤ ለዚህች ከተማ እምነቱ ከሰላቱ በኋላ ጫማውን አጥልቆ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ገብቶም በመዓርጉ ይቀመጣልና።

ከመንገዱ ስትመለከቱት ቤቱ ዝም ያለ ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ግቢ ሲሆን ግቢውን ሁለትና ሦስት ቤተ ሰብ ይጋራዋል፤ ወደ መንገዱ የሚያይ ዝቅተኛ መስኮት ስለሌለ መንገደኛ የቤቱን ማጀት፣ ባለቤቲቱም የመንገደኛውን ገመና አያዩም። በሩን አልፋችሁ ወደ ዋናው ክፍል ስትገቡ ግን፣ ከፍና ዝቅ እያሉ የተደረደሩ በቀይ አፈር የተለቀለቁ አምስት መደቦች ፊት ለፊታችሁ ይቆማሉ፤ ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ መቀመጫ ስለሆነ በሩን ያያል፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም ይቆጣጠራል፤ ሰፊው ጊድር ነደባ ለከበሩ እንግዶችና ለሽማግሎች ነው፤ ዝቅ ያለው ጢት ነደባ መዓርጉ ገና ላልደረሰ፣ ከእይታ የተሰወረው ሱትሪ ነደባ ለዕረፍትና ለቤት ምሥጢር፣ ከበሩ ኋላ ያለው ገብቲ አኸር ነደባ ደግሞ ቸኩሎ መልእክት ለሚያደርስና ከዝቅታው ለሚጀምር ሰው የተተወ ነው። ማንም ለማንም «እዚህ ተቀመጥ» አይለውም፤ ወለሉ ራሱ ተናግሯል። ከጎን ያለችው ቂርጣት የምትባለው ትንሽ ክፍል ሙሽሮች የሚሰነብቱባት ስትሆን፣ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ቁርኣኑንና የክብር ዕቃውን ይይዛሉ፤ የቀረው የግድግዳ ፊት ሁሉ እናትና ልጅ በሰፉት ስፌት ተሸፍኖ፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ወይን ጠጁና ወርቃማው ቀለም በኖራው ነጭነት ላይ ሲያበራ፣ ያ ዝምተኛ ቤት ከውስጥ እንደዚህ ያለ ኅብር ይዞ መኖሩ ያስገርማል።

እንግዲህ አስቡት። በቤተ ክርስቲያን ሦስቱ ክፍሎች ሰውን በክህነትና በንጽሕና መዓርግ ይለዩታል፤ በሐረሪ ቤት አምስቱ ከፍታዎች ሰውን በዕድሜ፣ በዝምድናና በእንግድነት መዓርግ ያስቀምጡታል። አንዱ የእግዚአብሔርን ቤት ሥርዓት፣ ሌላው የሰውን ቤት ሥርዓት ይናገራል፤ ሁለቱም ግን ወለልን እንደ ፊደል ገበታ አድርገው ይጽፉበታል። ይህን ቤት ያለ ነደባው «የእስልምና ሕንጻ» ብሎ በውጭ ግድግዳው ብቻ መመዝገብ፣ መጽሐፍን በቆዳው ቀለም እንደ መመዝገብ ነው።

ስለ ቀዩ ወለል አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ድል በሆነ ጊዜ የፈሰሰው ደም እንዳይረሳ ወለሉ ቀይ ተደረገ እያሉ የከተማይቱ ሽማግሎች ይናገራሉ። አንዳንድ አስጎብኚዎች ይህን ሲተርኩ የአድማጩን ፊት አይተው፣ ከወዲያኛው ወገን የመጣ መስሎ ከታያቸው ቃላቸውን ለስለስ ያደርጉታል፤ ስለ እኔም እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ። አታለስልሱት። እኔ በአባቶቼ በኩል ከድል አድራጊዎቹ ወገን ስሆን፣ በዚያ ቀይ መሬት ላይ በጊድር ነደባ፣ ይኸውም በክብር እንግዳ መቀመጫ ላይ እንድቀመጥ ተደርጌ ቡና ጠጥቻለሁ። የተሸነፈ ሕዝብ ኀዘኑን ግድግዳው ላይ በጽሑፍ ቢሰቅለው ጠላቱ ይቀደው ነበር፤ ወለሉ ላይ ቢያነጥፈው ግን እንግዳው ራሱ ይቀመጥበታል። ከዚህ የጠለቀ ሐውልት በአገራችን አለ ብዬ አላምንም።

ከግብጾቹ ዘመን፣ ይኸውም ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ፣ ከዚያም ከራስ መኰንን ግዛት ወዲህ የተጨመሩትን ሕንጻዎች በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የእንጨት ሰገነት ያላቸው የሕንድ ነጋዴዎች ቤቶች፣ በኋላ ሙዚየም የሆነው የራስ ተፈሪ ቤት፣ በፈረስ መጋላም ግብጾች ባሠሩት መስጊድ ስፍራ የቆመው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የዚችው ከተማ ታሪክ ናቸው፤ መልካሙንም መራራውንም አንድ ላይ ይዛ ትኖራለች። መኪና ግርግር በሚባለው፣ ወደ ጊድር መጋላ በሚወርደው መንገድ ዳር ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ሲያንኳኩ፣ በስተቀኝ ሙአዚኑ፣ በስተግራ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል፤ ልብስ ሰፊው ለሁለቱም ራሱን አያነሣም።

ክቡራን ሆይ፤ አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ባለፉት ዓመታት በጀጎል ብዙ ግድግዳ ተጠግኖ አይቻለሁ፤ ብዙው የተጠገነው በሲሚንቶ ነው። የጥንቱ ግድግዳ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተገነባ፣ በጭቃ የተመረገና በኖራ የተለሰነ ስለሆነ፣ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ እየተነፈሰ ያወጣዋል፤ ሲሚንቶ ከላይ ሲለበጥበት ግን ትንፋሹ ይታፈናል፣ ውኃው ከውስጥ ይቀራል፣ የሚያያይዘው ጭቃ ይላላል፣ ጨዉም ወደ ፊት እየገፋ ልስኑን ልጦ ይጥለዋል። አንድ ግቢ ውስጥ፣ የማን እንደሆነ አልጠቅስም፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ አይቼ በጣቴ ጫን ባደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ልጥ ብሎ ወደቀ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ እጅ የሚያርስ ነበር። ባለቤቲቱ «ለመጠንከር ብለን ነው» አሉኝ፣ እውነታቸውንም ነው። ሲሚንቶ ክብር ነው ያላቸውም፣ ጭቃና ኖራ የድኻ ነው ያላቸውም የራሳቸው ልብ አይደለም፤ እኛ በከተማ የምንኖር፣ በጽሑፋችንም ጭምር ለዘመናዊነት የምንሰብክ ሰዎች ነን።

የጣሪያውም ነገር እንዲሁ ነው። በእንጨት ወራጅ ላይ የሚደለደለው የአፈር ጣሪያ በየዓመቱ ከክረምት በፊት መጠቅጠቅና መጠገን ይፈልጋል፤ ጠቅጣቂው ሲጠፋ፣ ወጣቱ ሲሰደድ፣ የእንጨቱም ዋጋ ሲወደድ ቆርቆሮ ይገባል። ቆርቆሮ የገባበትን ባለቤት መውቀስ ቀላል ነው፤ ወቃሹ ግን አንድም ወራጅ አልገዛለትም። ክረምት ሲገባ አንድ ሌሊት ልጆቹ ላይ ጣሪያ ያፈሰሰበት አባት የቅርስ ደንብ ቢነበብለት ምን ይለዋል?

የትንንሾቹ መስጊዶች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ሰጋጁ ሲበዛ ጠበበን ማለቱ ተፈጥሮ ነው፤ ገንዘብ የሚልክ የውጭ አገር ዘመድ ሲገኝም አሮጌውን አፍርሶ በቤቶን ከፍ አድርጎ ማነጽ፣ በጣሪያውም ላይ ከሌላ አገር ሥዕል የተቀዳ ጉልላት ማስቀመጥ መልካም ሥራ መስሎ ይታያል። የሰጪውን ልብ አልጠራጠርም፣ ምጽዋቱንም አላቃልልም። ነገር ግን ሰማንያ ሁለቱም እንደዚህ ከፍ ከፍ ቢሉ፣ ሰማንያ ሁለት የድምፅ ማጉያም በ48 ሄክታር ላይ በአንድ ጊዜ ቢጮኽ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በስም ይጠራበት የነበረው ድምፅ ማንን እንደሚጠራ የሚለይ አይኖርም። ከዚያ በኋላ ሐረር ከሌሎች ከተሞች የምትለይበትን ነገር ለመፈለግ እንግዳው ከውጭ ወደ ግንቡ መመለስ ይኖርበታል፤ ግንቡ ግን ለብቻው ባዶ ቅርፊት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ቀጣዩን የጥገና ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ከውጭ ፊት ወደ ውስጥ ወለል መዝገባችሁን እንድታስፋፉ ነው። የእያንዳንዱ ጌይ ጋር ነደባ ከፍታ፣ የቂርጣቱ ስፋት፣ የመደርደሪያው አቀማመጥ፣ የትንሹም መስጊድ የሚሕራብ አቅጣጫና የዐጸዱ መጠን ተለክቶ ይጻፍ፤ የመካኑ ዛፍም ከነሥሩ በሕንጻነቱ ይመዝገብ። መዝጋቢዎቹ ወንዶች ብቻ እንዳይሆኑ አደራ እላለሁ፤ የቤቱን ውስጥ የሚያውቁት፣ ቀዩን መሬት የሚለቀልቁት፣ ስፌቱን የሚሰቅሉትና ረመዷን ከመግባቱ በፊት ኖራውን የሚያስቀቡት ሴቶች ናቸውና፣ ከአፎቻ እናቶች መካከል የተመረጡ ጉዳዩ በሚመከርበት ጉባኤ ላይ ድምፅ ይኑራቸው።

የጭቃና የኖራ ሥራ የሚያውቁት አናጺዎች እያረጁ ስለሆነ፣ ለጥገና ከሚወጣው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ከእነርሱ ሥር ለሚማሩ ወጣቶች ቀለብና ደመወዝ ቢመደብ፣ ለግድግዳ ማሳመሪያ ከሚገዛው ሲሚንቶ ይልቅ ፍሬው የበዛ ይሆናል። ኖራውንም ባለቤቱ በራሱ ኪስ እንዳይገዛው በየሰፈሩ ብታከፋፍሉ፣ ለሚሰነጠቀውም ወራጅ ድጎማ ብትሰጡ፣ ደንቡ የሚፈራ ብቻ ሳይሆን የሚወደድ ይሆናል። መስጊዱ ለጠበበው ሰፈር ደግሞ፣ ማፍረስ ከመፈቀዱ በፊት የሰፈሩ ሽማግሎችና ሊቃውንት ተቀምጠው፣ ዐጸዱን በጥላ ማስፋት ወይም ጎን ያለውን ባዶ ቤት መጨመር ይቻል እንደሆነ እንዲመክሩበት አድርጉ፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጠውም የውጭ ዘመድ፣ ጉልላት ከመላክ ይልቅ የአናጺውን ልጅ ለማስተማር ቢልክ፣ ምጽዋቱ እንደማይቀንስ ኢማሞቹ እንዲነግሩት እለምናለሁ።

ለእንግዶች በምታስቀምጡት ጽሑፍ ላይም ቁጥሩ ብቻ አይሁን። ከመስጊዱ ደጃፍ ላይ የሚቆመው ሰሌዳ ዕድሜውን ከመናገሩ ጋር፣ በስንት እርምጃ ውስጥ ከሌላ መስጊድ ጋር እንደሚገናኝ፣ የየትኛው ሰፈር ሰዎች እንደሚሰግዱበትና ለምን ሚናራ እንደሌለው ይጻፍበት፤ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ፣ ቅርሱ የእነዚህ ሁሉ ተናጋሪዎች ነውና። የቀዩ ወለልም ታሪክ ሳይለዝብ ይጻፍ።

ይህን ጉዳይ በሚመለከተው ጉባኤ ላይ እንድትነጋገሩበት፣ የተወሰነውንም ውሳኔ ከመጪው ረመዷን በፊት፣ ይኸውም የከተማይቱ ግድግዳ እንደ ልማዱ ኖራ መቀባት ከመጀመሩ በፊት፣ በፈረስ መጋላ ለሕዝብ እንድታሳውቁ በትሕትና አመለክታለሁ። የነደባውን ልኬት ለመመዝገብ የሚረዳ ሰው የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሜትር ይዤ ለመምጣትና በታዘዝሁበት ግቢ ሁሉ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የከተማይቱ ወዳጅ